በእርሳስ የተጻፈ «ይቆይ»

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

እኔንና እናትሽን ስታስታርቂ ላደግሽው ዳኛዬ፣ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደኅና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል፤ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ጤነኛ ነው።

የትምህርት ቤት ዩኒፎርምሽን የሰፋችልሽን ጎረቤታችንን ታስታውሻለሽ። ለልጇ የልደት ምስክር ወረቀት ቢሯችን ስትመላለስ አይተሽ፣ «አባዬ፣ ፈርምላትና ትገላገል» ብለሽኝ ነበር። «አለቃዬ ይቆይ ብሎበታል» አልኩሽ። እውነትም ፋይሏ ጥግ ላይ በእርሳስ «ይቆይ» ተብሎ ተጽፏል። እኛ ቢሮ ደግሞ «ይቆይ»ን ከጻፈው ሰው በቀር ማንም አይሰርዘውም። አለቃው ጡረታ ወጣ፤ ፋይሉ ሦስት ዓመት ተኛ።

ሴትዮዋ ሲመራት ፍርድ ቤት ከሰሰችኝ። ዳኛዋ «የጎደለ ማስረጃ አለ?» አሉኝ።

«የለም።»

«የሚከለክል ሕግስ?»

«የለም፤ ይቆይ ስለተባለ ነው እንጂ።»

«ማነው ያለው?»

«አላውቅም» አልኩ።

በአስር ቀን ውስጥ ግዴታዬን እንድፈጽም አዘዙኝ። በማግስቱ ፈረምኩ፤ አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ወረቀቱን ራሴ ቤቷ ወሰድኩት። ልጅቷ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች። ያለ ወረቀቱ ለፈተና አልመዘግብ ስላሏት ትምህርቱን ትታዋለች። አሁን ትችያለሽ ብላት፣ ከትንንሽ ልጆች ጋር አልቀመጥም አለች። ቢሆንም ብድግ ብላ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እናቷ ቀና ብላም አላየችኝ።

ልጄ፣ ዋሽቼሻለሁ። ያን «ይቆይ» የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ሴትዮዋ በባለጉዳይ ሁሉ ፊት «ደመወዝ የምትበላው ለዚህ አይደል እንዴ?» ብትለኝ ደሜ ፈላ። አሳይሻለሁ ብዬ ጫርኩት። ለሳምንት ያህል ላንገላታት ነበር። ሳምንቱ ሲያልፍ ግን፣ ብሰርዘው የጻፍኩት እኔ መሆኔ ይታወቃል ብዬ ፈራሁ። ላጲሱ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።

እናትሽ ይህን አታውቅም። ለልብስ ሰፊዋ ሰኞ ሄጄ እነግራታለሁ ስል ሦስት ሰኞ አለፈ። ሳልታዘዝ የማልሠራ ሰው ሆኛለሁ መሰለኝ። እባክሽ ዳኛዬ፣ አንቺ ቀን ቁረጪልኝ።

ያሰብሽው ይሙላልሽ፤ እንደኔ ያለ ሰው በር ላይ አያቁምሽ።

አባትሽ