ክራሩን በሬዲዮ ያሰሙን የአቶ ሽብሩ ቡልቻ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሽብሩ ቡልቻ ከአባታቸው ከአቶ ቡልቻ ሶሬሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበሩ ደቻሳ በታኅሣሥ ወር 1947 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወርደው ባቡር ውስጥ ተወለዱ። ቦታው ከድንበሩ ወዲህ ይሁን ወዲያ እስከ ዛሬ አልተቆረጠም። እናታቸው “ደወሌን ሳናልፍ ነው” ሲሉ፣ የባቡር ሠራተኛ የነበሩት አባታቸው “አሊ ሳቢህ ደርሰን ነበር” ሲሉ፣ ሁለቱም ሳይስማሙ አለፉ። ትኬት ቆራጩም ለሕፃኑ ሒሳብ ካልተከፈለ ባቡሩ አይነቃነቅም ብሎ ነበር ይባላል። ያየ ሰው ባይገኝም የሰማ ግን ብዙ ነው።

ያደጉት እዚሁ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ነው። ፈረንሳይኛውን ከትምህርት ቤት፣ ሶማልኛውን ከኳስ ሜዳ፣ አፋርኛውን ከጎረቤት፣ ዓረብኛውን ከባለሱቁ፣ አማርኛና ኦሮምኛውን ከቤት ለመዱ። ጆሯቸው ግን ከሁሉም ይበልጥ ነበር። መርከብ ወደብ ላይ ሲጮህ ስኳር ይጫን ስሚንቶ በድምፁ ይለዩ ነበር። አንድ ቀን “ይሄኛው ባዶውን ነው” ብለው በእርግጥም ባዶውን ሆኖ መገኘቱን ወደብ ላይ የሠሩ ሰዎች ዛሬም ይምላሉ።

በ1970 ዓ.ም.፣ አገሪቱ ነጻ በወጣች ማግሥት፣ በብሔራዊ ሬዲዮ ጣቢያው በቴክኒሻንነት ተቀጠሩ። ሬዲዮው በአራት ቋንቋ ይናገራል፤ በፈረንሳይኛ፣ በዓረብኛ፣ በሶማልኛና በአፋርኛ። ጠዋት ቁርዓን ይቀራል፣ ዜና ይከተላል። ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው ጫቱን ይዞ ጋደም ሲል፣ ድራማና ግጥም ነው። ከምሳ በፊት ደግሞ የሞት ማስታወቂያ ይነበባል፤ የጅቡቲ ሙቀት ሬሳ ስለማያሳድር ለቀስተኛ የሚጠራው በሬዲዮ ነበር። አማርኛ ተራ አልነበረውም። ሐበሻ ሲሞት ከጎረቤቱ በቀር የሚሰማ አልነበረም።

በ1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ እንቁ ባንቲሁን ጋር ትዳር መሥርተው አዳነችንና ፍስሐን ወልደዋል። ወይዘሮ እንቁ “ሰውየውን ያገባሁ መስሎኝ ሬዲዮውን ነው ያገባሁት” እያሉ ያሙዋቸው ነበር፤ ከአጠገባቸው ግን አልራቁም።

በ1978 ዓ.ም. ከቤታቸው አንድ መንገድ ተሻግሮ በሰው ቤት ትሠራ የነበረች ራህመት የምትባል ልጅ ሞተች። አሠሪዎቿ በዚያው ቀን ቀበሯት። ከአገሯ ሰው አንድ እንኳ አልቆመላትም። አቶ ሽብሩ የሰሙት በሳምንቱ ነው። “እሷ ስትቀበር እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ ሙዚቃ ሳጫውት ነበር” ብለው ምግብ አልቀምስ አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐሳባቸው አንድ ሆነ፦ በዚህ ከተማ አንድም ሐበሻ ሳይሰማለት እንዳይቀበር።

በእጃቸው የነበረው በፕሮግራሞች መካከል የሚገባው የመሸጋገሪያ ሙዚቃ ብቻ ነው። ከእድሩ ዳኛ ከአቶ ጎሳዬ ጋር ተማከሩና ከሬዲዮ ጣቢያው መደርደሪያ አንድ የክራር ካሴት መረጡ። ምልክቱም ለሐበሻው ሁሉ በጆሮ በጆሮ ተነገረ። የአገር ሰው በሞተ ቀን ከቀትሩ ዜና በኋላ ክራሩ ይሰማል፤ የሰማ ሁሉ ባቡር ጣቢያው በር ሄዶ ከዚያ የማይጠፉትን አቶ ጎሳዬን ማን እንደሞተ ይጠይቃል። ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ያኔ ስልክ የላትም፤ የአሠሪዋ ሬዲዮ ግን ኩሽና ውስጥ ሲያወራ ነው የሚውለው። ክራሩን ስትሰማ ነጠላዋን ታነሳለች።

በ1981 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ አቶ ሽብሩ ለእህታቸው ሠርግ ድሬዳዋ በሄዱበት፣ የአፋርኛው ድራማ ሳይታሰብ አጥሮ ቀረ። ገና አዲስ የተቀጠረው ዘከሪያ ምልክትነቱን ሳያውቅ እጁ የገባውን ያንን የክራር ካሴት አጫወተ። ዜማው ስለጣፈጠው ደገመው። ሐበሻው ግልብጥ ብሎ ባቡር ጣቢያው በር ሞላ።

“ጋሽ ጎሳዬ፣ እነማን ናቸው?”

“እኔ ልጠይቅህ እንጂ! ለእኔ ማን ነገረኝ?”

“ሁለቴ ነው የተጫወተው፣ ሁለት ሰው ነው!”

“እንግዲያው እዚህ የሌለ ሰው ነዋ የሞተው” ተባለና ያልመጣውን ፍለጋ በየሰፈሩ ተበተኑ። ባልባላ የሚኖረው ልብስ ሰፊው መርሻ ከቀን እንቅልፉ ሲነቃ ደጁ በለቅሶ ቀልጧል። እሱም አብሮ ማልቀስ ጀመረ። “ማን ሞቶ ነው?” ቢል “አንተ!” አሉት። ይኼኔ የባሰ አለቀሰ።

ሰው ቤት የምትሠራው ቦንቱ ግን አልተገኘችም። አሠሪዎቿ ለዕረፍት ፈረንሳይ ሄደዋል፤ ዘበኛው “ማንም የለም” አለ። ሴቶቹ አልሰሙትም፤ በሩን አስከፍተው ገቡ። ቦንቱ በትኩሳት ራሷን ስታ ወለሉ ላይ ወድቃለች። ተሸክመው ሐኪም ቤት አደረሷት። ዛሬ እዚህ መካከላችን ከነልጆቿ ቆማለች።

አቶ ሽብሩ ሲመለሱ ነገሩ አለቃቸው ጆሮ ደርሶ ነበር። አለቃው፣ እንደ ፈረንሳዩ አጠራር “ሙሴ” የምንላቸው ዓብዱሰመድ፣ ከዘከሪያ ጋር አቆሟቸው።

“ሽብሩ፣ እኛ በአራት ቋንቋ ነው የምናሰራጨው። ይሄ አምስተኛው ከየት መጣ?”

“ሙሴ፣ ክራር እኮ ቋንቋ የለውም።”

“ታዲያ ከተማውን ምን ብሎት ነው የተነሳው?”

አቶ ሽብሩ የራህመትንም የቦንቱንም ነገሩ።  አለቃው ካሴቱን መለሱላቸውና “ሁለተኛ ሁለቴ እንዳታጫውቱት” ብለው አሰናበቷቸው።

ካሴቱ ቀርቶ ኮምፒዩተር ሲመጣም ክራሩ አብሮ ገባ። በ2007 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ለዘከሪያ አስረከቡት። ስልክ በየእጁ በገባበት በዚህ ዘመን እንኳ፣ ወደ የመን ሊሻገሩ መጥተው መንገድ ላይ ለቀሩ ወጣቶች ብዙ ጊዜ ተጫውቷል።

መርከብ በድምፅ ይለይ የነበረው ጆሮ በመጨረሻ ደከመ። አቶ ሽብሩ በቀትር እጃቸውን ሬዲዮው ላይ ጭነው “እንቁ፣ ክራሩ መጣ እንዴ?” ይሉ ነበር። በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በየካቲት ወር 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል።

ሊያርፉ ሰሞን ዘከሪያን ጠርተው “ለእኔ ሁለቴ አጫውተው” ብለውታል። “አለቃው ከልክለዋል እኮ” ቢላቸው “አሁን ምን ያደርጉኛል?” አሉት። ዛሬ በቀትር ሁላችሁም እንደሰማችሁት ሁለቴ ተጫወተ። የመጀመሪያው ለእሳቸው ነው። ሁለተኛው ለማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። ልብስ ሰፊው መርሻ አይደለም፤ ይኸው ከዘራውን ይዞ ቆሟል። እንግዲህ ከቀብሩ ስንመለስ ዙሪያችንን እንይ፤ ያልመጣ ሰው ካለ፣ ወደየቤታችን ከመግባታችን በፊት ሄደን ደጁን እናንኳኳ።

የማንም ድምፅ የማይጠፋበት አምላክ የአቶ ሽብሩን ነፍስ ይቀበልልን፤ ለቤተሰባቸውም ብርታቱን ይስጥልን።