የአዲስ ዓመት ካርዱ

ዲሴምበር 9
ሰባተኛው አከራይም እምቢ አለ። ዋስ ታምጣ፣ ዋሷም ዘመድ ይሁን ነው የሚለው። ከባሏ ሸሽታ እኛ ጋ የተጠጋችው የኪዋኮ ዘመድ ማን ነው? ወንድሟ እንደሆነ ከባሏ ጋር ሲጠጣ ነው የሚያመሸው። የምሳ ማሸጊያው ፋብሪካ ደግሞ አድራሻ ከሌላት አልቀጥርም ብሏል። ቤት ያለው ሥራ ይጠይቃል፣ ሥራ ያለው ቤት። ኤጭ! መጠለያችን የሚያቆያት እስከዚህ ወር ሃያ ነው። ከዚያስ... ልጇን ይዛ ወደዚያ ሰውዬ?

ዲሴምበር 13
ከልብስ እጥበት ቤቱ በላይ አንድ ክፍል አለ። የቤቱ ባለቤት እማማ ሂሳኖ ሁሉን ሰምተው ሲያበቁ፣ «እንዲህ የምትለፈልፊላት ከሆነ ለምን አንቺ ዋስ አትሆኛትም?» አሉኝ። የድርጅታችን ደንብ ሠራተኛ ዋስ እንዳይሆን ይከለክላል። በፊርማ ፈንታ የሚመታውን ማኅተሜን አውጥቼ የዋስትናው ወረቀት ላይ መታሁ። የመጣው ይምጣ።

ዲሴምበር 18
ገቡ! እንደ አዲስ ገቢ ወግ ለየጎረቤቱ የስጦታ ፎጣ አዞረች። ፋብሪካውም ሰኞ ጀምሪ አላት። እኔን ግን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

ዲሴምበር 22
ኪዋኮ በስልክ ስትነግረኝ ደርቄ ልቀር ነበር። የአዲስ ዓመት ካርድ ልካለች... ለባሏ እናት! አዲሱን አድራሻ ጽፋ!
«እሳቸው ምን በደሉኝ? ዐሥር ዓመት ልኬ ዘንድሮ ብቀር ነውር ነው» አለችኝ።
ጮኽኩባት። ከኋላ የልጅቷ ጨዋታ ቀጥ ሲል በስልኩ ተሰማኝ። ከጩኸት አይደል እንዴ ያወጣኋቸው? አፈርኩ።
እኔ ከቤቴ ከሸሸሁ ዘጠኝ ዓመቴ። አድራሻዬ እንዳይታወቅ ለማንም ካርድ አልላክሁም፣ ከማንም አልመጣልኝም። እሷ ግን ወጉን መተው አልሆነላትም።
ደግነቱ ካርዶቹ የሚታደሉት ጃንዋሪ አንድ ጠዋት ነው። እስከዚያ ፖስታ ቤት ይቀመጣሉ።

ዲሴምበር 23
ፖስታ ቤት አብረን ሄድን። ፎርም ሞላች። ሠራተኛው ላኪዋ እስከሆነች ድረስ ይመለስላታል አለ፣ «ካገኘነው»። ካገኘነው ደግሞ ምን ማለት ነው?

ዲሴምበር 29
ከፖስታ ቤት አልደወሉም። ኪዋኮ ሻንጣዋን መልሳ ሸክፋለች። የት ልትሄድ? ስምንት በር ያንኳኳሁት ለዚህ ነው? አትንቀሳቀሺ አልኳት። «እሱ ቢመጣስ?» አለችኝ።

ዲሴምበር 31
ካርዱ ተገኘ። ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። ሁለታችንም አለቀስን።

ጃንዋሪ 1
ዛሬ የፖስታ ሳጥኔን ከፈትኩ። ለምን እንደከፈትኩት እንጃ... ለወትሮው አልነካውም።
አንድ ካርድ አለ። አድራሻዬን ከዋስትናው ወረቀት ላይ አይታ ራሷ መጥታ የጣለችው ነው፣ ቴምብሩ ማኅተም አልተመታበትም። ያው ካርድ! የአማቷን ስም በነጭ ቀለም አጥፍታ በላዩ፣ «ለእህቴ ለሪትሱ» ብላለች። ከሥሩ፣ «ዘንድሮም አደራ»። የራሷን አዲስ አድራሻ አልነካችውም።
መልስ አለመስጠት ነውር ነው። ወጥቼ ካርድ ገዛሁ። ስሜን ጻፍኩ፣ ከሥሩም አድራሻዬን። ሙሉውን።