ዋንዛው ላይ የታሰረው ጣሳ

ሚዛን አማን
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለሱሀይብ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ሰነበትክ? የአዳማ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? አጎትህ ሻሚልና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን።

አስቀድሜ የጎረቤታችንን የማሚትን ነገር ልንገርህ። በስልክ ስሟን ባነሳሁ ቁጥር ወሬ ብትለውጥብኝም ልብህ እዚያ እንዳለ አውቃለሁ። ግፊቷ ትንሽ ወርዶላታል። ጤና ጣቢያ ወስጄ አስለካኋት። መድኃኒቷን እንዳትረሳ ጠዋት ጠዋት እኔው ውሃ ይዤ እገባለሁ። እግሯ ግን እንዳበጠ ነው። ለጥምቀት እንኳ ከቤት አልወጣችም፤ ታቦቱ ሲያልፍ መስኮት ላይ ቆማ ነው የተሳለመችው። ልጇ ሔዋን፣ ማሻ ከተማ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ፈቃድ ወስዳ አብራት ናት። እሷም ከስታለች፤ ያቺ ሳቂታ ልጅ ፊቷ ሌላ ሆኗል።

ልጇን ይሄይስን ከቀበርን ወዲህ ያ ቤት ጭር ብሏል። የጎልማሳ ልጅ ለቅሶ ሆኖ ሰው አልመጣም ብልህ ታምነኛለህ? ድንኳኑ ውስጥ ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር። የመጡትም ጥግ ይዘው ሲንሾካሾኩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። "የሰው የንብ ቀፎ ሊሰርቅ ገብቶ ነው" ይላሉ። ያ ልጅ! ኳስ ሜዳ ላይ ዳኛ ሆኖ አንተን፣ የገዛ ጓደኛውን፣ በቀይ ካርድ ያስወጣ ልጅ! ያን ቀን አኩርፈህ ራት አልበላም ስትል፣ እሱ ራሱ መጥቶ አብሮህ ከአንድ ሳህን በላ።

ወሬው ማሚትም ጆሮ ደርሷል። "ሁስና፣ መሞቱንስ እግዜር ያውቃል። ሌባ ተብሎ መሞቱን ግን እንዴት አድርጌ ልቻለው?" አለችኝ።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ ነበር። አንተ ግን "እማ፣ ኔትወርኩ" ትልና ትጠፋለህ። ስለዚህ ጻፍኩት። ሹፌሩ ሀምዱ በእጅህ ይሰጥሃል፤ ወረቀት ደግሞ አይቋረጥም።

አንተና ይሄይስ ያን ጂኦካሺንግ የምትሉትን ጨዋታ ስትጀምሩ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። የዱቄት ወተት ጣሳ ከየጎረቤቱ የለቀምኩላችሁ እኔ አይደለሁ? ጣሳውን ጫካ ቡናው ውስጥ ደብቃችሁ ቦታውን በስልክ ትመዘግባላችሁ፤ ሌላው ደግሞ የስልኩን ቀስት ተከትሎ ፈልጎ ያገኛል፤ ከውስጡ አንድ ነገር ወስዶ የራሱን አንድ ነገር ይተካል። ይዛችኋቸው የምትወጡት ተማሪዎች ጭቃ በጭቃ ሆነው እየሳቁ ሲመለሱ እኔም ስቄያለሁ። "ቆይ እማ፣ ገና እንግዳ ከአዲስ አበባ ድረስ እናመጣለን" ትለኝ ነበር።

ግን ልጄ፣ እዚህ አገር ስልክ ይዞ ጫካ ለጫካ ነጥብ የሚመዘግብ ሰው ምን እንደሚመስል አንዳችንም አላሰብንም። እዚያ ጫካው ዳር ባለው መንደር ከጥቂት ዓመት በፊት እንዲሁ የሚመስሉ ሰዎች መጥተው፣ መሬቱን ለክተው ሄዱ። ቀጥሎ ችካል መጣ። ከችካሉ ቀጥሎ አጥር መጣ። ታዲያ ቡና ለቃሚዎቹ ቁጥር የተጻፈበት ጣሳ ድንጋይ ሥር ሲያገኙ ጨዋታ መሆኑን በምን ይወቁት? በዚያ ላይ አንድ ልጅ ስልክ ይዞ ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ላይ ሲወጣ ከሩቅ ታየ ተባለ። ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ባለቤት አለው፤ ከባለቤቱ በቀር ማንም እጁን አያሳርፍበትም። ዕቃ ያሰረበት ሰው ዛፉ የእኔ ነው እንዳለ ነው የሚቆጠረው። እኛ ከጅማ መጥተን ከተማ ውስጥ የኖርን ሰዎች ነን፤ አንተ ይህን ላታውቅ ትችላለህ። ይሄይስ ግን በእናቱ እናት እጅ፣ በቤንችኛ አፉን የፈታ ልጅ ነው። እሱ ያውቅ ነበር።

በማግስቱ መንደርተኛው ጠብቆ የያዘው እሱን ነው። ግርግር ተነሳ፤ ከኋላ አንድ ዱላ አረፈበት፤ በዚያው ቀረ። ማን እንደመታው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሁለት ሰዎች ታስረዋል።

ሽማግሌዎች ነገሩ እንዲበርድ ጣሳዎቹ በሙሉ ከጫካው ይውጡ አሉ። ሁሉም ወጡ፤ የቀረው ያ ዛፍ ላይ ያለው ብቻ ሆነ። በየትኛው ዛፍ ላይ እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። አንተን ስጠይቅህ "ይሄይስ ነው ያሰረው፣ ተው ብዬው ነበር፣ ቦታውን አላውቀውም" አልከኝ። እኔም ለሰው ሁሉ እንደዚያው ተናገርኩ።

ሔዋን ግን ጨዋታውን ስልኳ ላይ ስትከፍት ነጥቡ አለ። ይሄይስ የዳኝነት ፊሽካውን እዚያ ጣሳ ውስጥ እንደከተተው ነግሯት ኖሯል። ማሚት ይህን ስትሰማ ካልሄድኩ አለች። በዚያ እግሯ! ሰኞ ጠዋት ሦስታችን ሄድን። የመንደሩ ሽማግሌ አቶ ካሣዬ መንገድ ላይ ጠብቀው ተቀበሉን።

ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ። አትሳቅብኝ፣ እኔ እናትህ ቀስት ተከትዬ ጫካ ገባሁ። ቀስቷ ወደ ቀኝ ትለኛለች፣ እሄዳለሁ፤ መልሳ ወደ ግራ ትለኛለች።

"እትዬ ሁስና፣ ቆም በዪ" ትለኛለች ሔዋን፤ "ዛፉ ሲበዛ ስልኩ ይደናገራል፤ እስኪረጋ ጠብቂው።"

"እኔስ መች ረጋሁ?" አልኳት። ማሚት እንኳ ፈገግ አለች፤ ከቀብሩ ወዲህ ጥርሷን ያየሁት ያኔ ነው።

በመጨረሻ ስልኩ "ደርሰሻል" አለኝ። ዙሪያዬን ባይ ቡናና ዛፍ ብቻ። የቡናውን ሥር ገለጥን፣ ድንጋዩን አገላበጥን፣ የለም። ማሚት ደከማትና የዛፍ ሥር ላይ ተቀምጣ ዳዊቷን ማነብነብ ጀመረች። ያኔ አንተ ለተማሪዎቹ ትል የነበረው ትዝ አለኝ፤ "ስትቀርቡ ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱትና እኔ ብሆን የት እደብቀዋለሁ በሉ።" ስልኩን ከተትኩት። ይሄይስ ቢሆን የት ይደብቀዋል ብዬ አሰብኩ፤ ምንም አልመጣልኝም። ልጄ ቢሆንስ አልኩ። አንተ ከሕፃንነትህ ጀምሮ የምትደብቀውን ሁሉ ከፍ አድርገህ ነው። ስኳሩን ቁምሳጥን አናት ላይ፣ የተቀደደ ጫማህን ኮርኒስ ውስጥ። ቀና አልኩ። ዋንዛው ላይ፣ ከቀፎው በታች፣ ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚለይበት፣ አረንጓዴ የተቀባ ጣሳ በዛፍ ሽበት ተሸፍኖ ታስሯል።

ዋንዛው የአቶ ካሣዬ ነው። "ባለቤቱ እኔ ነኝ፣ እኔው ነኝ የማወርደው" ብለው ገመድ ወገባቸው ላይ አስረው በዚያ ዕድሜያቸው ወጡ። ማሰሪያውን ፈትተው ቁልቁል ጣሉልኝ፤ ጣሳውን በእጃቸው ይዘው ወረዱ።

ማሰሪያው እግሬ ሥር ወደቀ። ከተማሪ ዩኒፎርም የተረፈ አረንጓዴ ጥብጣብ ነው፤ አረንጓዴ ክር አልቆብኝ በቀይ የዘመዘምኩት። ለቦርሳህ ማንጠልጠያ ብለህ ያሰፋኸኝ። ማሚት ቀና ሳትል አንስቼ ብብቴ ውስጥ ከተትኩት።

ምናልባት ለይሄይስ ሰጥተኸው ይሆናል። መጀመሪያ ያልኩት እንደዚያ ነው። ግን ያ ልጅ ከፍታ እንደሚፈራ የማያውቅ ሰፈር ውስጥ ማን አለ? ቆርቆሮ ላይ የወጣችውን ኳስ የምታወርድለት አንተ ነበርክ። የሞተ ዕለት ጠዋት ደግሞ እኔ ዘንድ መጥቶ "እትዬ፣ የአቮካዶ ማውረጃ እንጨታችሁን አውሺኝ" አለኝ። "ገና ያልበሰለውን ልታወርድ ነው?" አልኩት። "ሌላ ነገር ላወርድ ነው" ብሎ እየሳቀ ሄደ። ያ እንጨት ነው የሌባ መሣሪያ ተብሎ ፖሊስ ጋ የተቀመጠው።

አቶ ካሣዬ ጣሳውን ሰጥተውኝ ዕንባቸው መጣ። "ልጁ በቋንቋችን አናግሮናል" አሉ። "'ላወርደው ነው የመጣሁት፣ ይቅርታ አድርጉልን' አለን። 'ማነው ያሰረው?' አልነው። ዝም አለ። ሦስቴ ጠየቅነው፣ ዝም አለ። ስሙን ቢነግረን ኖሮ እንለቀው ነበር።"

ማሚት ይህን ሁሉ ሰምታ ምን እንዳለች ታውቃለህ? "ያሰረው እሱ ስለሆነ አፍሮ ነዋ።" ፊሽካውን ከጣሳው አውጥታ በነጠላዋ ጠረገችው፤ አፏ ድረስ አስጠግታ ሳትነፋው መለሰችው።

ልጄ፣ አልቆጣህም። ብርድ ልብስህን አጥቤ አስቀምጬልሃለሁ፤ አልጋህም እንደተነጠፈ ነው። ሽማግሌዎቹ እውነቱን ሊናገር ለሚመጣ ሰው ቃል ሰጥተዋል፤ ማንም አይነካህም። አርባው የሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ነው። ጥብጣቡን እዚሁ ደብዳቤ ውስጥ አጥፌ ልኬልሃለሁ። ከእኔ በቀር ያየው የለም። እኔም ለማንም አልናገርም፤ አንተ እናቴ ዝም በዪ ካልከኝ እስክሞት ዝም እላለሁ።

አላህ መንገድህን ያቅናልህ። ልብህን ያበርታልህ። የሰው ዕንባ ከሚከተለው ሰው አያድርግህ። ሻሚልን ሰላም በልልኝ፤ ሹራብህን ልበስ።

እናትህ ሁስና አባፎጊ

ስሜን ጽፌ ወረቀቱን ሳጥፍ ማሚት ገባች። ለማን እንደምጽፍ አላጣችውም።

"ሁስና፣ ጣሳው የታሰረበት ጨርቅ ነገር አልነበረም እንዴ?" አለችኝ። "ሳስበው አደርኩ። የልጄ እጅ የቋጠረው የመጨረሻ ነገር እሱ ነው። ከፊሽካው ጋር ላስቀምጠው ፈልጌ ነው።"

እጄ ደብዳቤው ላይ ነበር። ለማንሳት አቃተኝ።

"ለሱሀይብ ሰላም በይልኝ" አለች ደግሞ። "ለአርባው ይምጣልኝ። እኔ ብናገር እናት ናት ይሉኛል። እሱ ሰው ፊት ቆሞ 'ይሄይስ ሌባ አልነበረም' ቢልልኝ ግን ያምኑታል። አብሮት ነበራ።"

"እነግረዋለሁ" አልኳት።

"ጨርቁንስ?"

"ሱሀይብ ሲመጣ ይሰጥሻል።"

የት አግኝቶ ብላ አልጠየቀችኝም። ደብዳቤው ላይ ያለውን እጄን አየች፤ ከዚያ በሩን ይዛ፣ "እንግዲያው እጠብቀዋለሁ" ብላኝ ሄደች።