መጸዳጃውን የደፈነው ቅል

ልጄ ሣህሌ ሆይ፣ የእንጦጦዋ ማርያም ከክፉ ሁሉ ትከልልህ፤ ኢየሩሳሌምን የረገጠ እግርህን እንቅፋት አይንካው። እኛ ደህና ነን፤ ብርዱ ብቻ በርትቷል። ላሟ ወልዳለች። እህትህ አባይነሽም ወንድ ልጅ ተገላግላለች።

ባለፈው ሰንበት ግን ዶፍ ዝናብ ሲወርድ፣ ከመጸዳጃው ወደ ገደሉ የሚወስደው ቦይ ተደፍኖ እድፉ ወደ ቤት ተመለሰ። ወደ አራሷ መደብ ሲገሰግስ አባይነሽ ሕፃኑን አቅፋ፣ "እማዬ፣ ደረሰብኝ!" ብላ ጮኸች። በዱላ ብጎረጉረው እንቢ አለኝ። ነጠላዬን ጥዬ፣ በሆዴ ተኝቼ፣ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ሰደድኩት። አንድ የሚያሟልጭ ነገር ጨበጥኩ። ማርያም ማርያም እያልኩ ስጎትተው ወጣ፤ ውሃውም እያጉረመረመ ቁልቁል ወረደ።

አባትህ የሚታጠቡበት ቅል ነው። "ማን ነው የጣለው?" ብዬ ስቆጣ፣ አባትህ ግድግዳውን እየዳበሱ መጡና "እኔ ነኝ። ከእጄ አመለጠኝ፤ ብፈልገው አላየሁትም" አሉኝ።

"ጨለማ ነበር እንዴ?"

"ለእኔ ቀኑም እየጨለመ ከመጣ ሰነበተ" አሉ።

አብሬያቸው እየኖርኩ ይህን ሁሉ ጊዜ አላወቅሁም፤ ደብቀውኝ ኖረዋል።

ይህን የማስጽፍህ እሳቸው ሳይሰሙ ነው። እግዚአብሔር ዕድሜህን ያርዝመው፤ በሄድክበት ሞገስ ይስጥህ። የሄድክበትን ስእለት ስትፈጽም ግን ወደ ቤትህ ለመመለስ አትዘግይ ልጄ። ለአባትህ የቀረቻቸው የዓይን ብርሃን ጥቂት ናት፤ አንተን ይዩባት።