ወንድምህ የጻፋቸው ቁጥሮች

ጥፋተኛው አንተ ነህ እንጂ ሬዲዮ ጠጋኙ አይደለም። በስልክ አዘህ ወደ ቤቴ የላክኸው አንተ የበኩር ልጄ ነህ። ይህን ካልኩ በኋላ ሰላምታዬን ልስጥህ። እንደምን ከርመሃል? ወገብህ ተሻለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ምራቴ ደህና ናት? ፍንጭቷ የልጅ ልጄ ጥርሷን አበቀለች? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉዳዬ ሌላ ነው።

ወንድምህ ሊሞት ዓመት ሲቀረው የሠራልኝን ሰዓት አንተ በደንብ አይተኸው አታውቅም። ለለቅሶው ስትመጣ ለግድግዳው ጀርባህን ሰጥተህ ነበር የምትቀመጠው። አንዲት ቀይ የሌዘር መብራት አለችው። ጨረሯ ጥፍር የምታህል መስታወት ላይ ያርፋል፤ ያቺ ግራና ቀኝ ትወዛወዛለች። ከእሷ ነጥሮ ሁለተኛዋ ላይ ያርፋል፤ ያቺ ደግሞ ላይና ታች ትላለች። በጣም ስለሚፈጥኑ ዓይን ነጥቧን አይከተላትም፤ ግድግዳው ላይ የሚታየው የተጻፈ ቁጥር ነው። ቁጥሮቹን በገዛ እጁ ጽፎ፣ መስታወቶቹ የእጁን መንገድ እንዲሄዱ አደረገ። የእሱ ሁለት ጅራቷ ረጅም ነበር። አራትን እጁን አንስቶ በሁለት ጭረት ስለሚጽፋት፣ መስታወቶቹም እዚያ ሲደርሱ ሁለቴ ጫር ጫር ይሉ ነበር። አምስትን ግን "አንቺ ጻፊያት" አለኝ። ስድሳ ዓመት አልፎኝ ፊደል የሚያስቆጥረኝ ጊዜ ነበር። እርሳሱን በጡጫ ጨብጬ፣ አጣምሜ ጻፍኳት። "ሆዷ ተነፍቷል፣ አርግዛለች እንዴ?" ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀብኝ፤ ግን እንዳለች አስገባት።

ባለፈው ወር የአንደኛዋ መስታወት ሙጫ ላልቶ ቁጥሮቹ ይንቀጠቀጡ ጀመር። ለአንተ መንገሬ ነው የእኔ ጥፋት። ጠጋኙ መጥቶ "እማማ፣ ይቺ አምስት ጠጥታ ነው እንዴ የመጣችው?" አለኝ። "የጻፍኳት እኔ ነኝ፤ ከውሃ ሌላ አልቀመስኩም" አልኩት። ሙጫውን ሲጨርስ የእጅ መታጠቢያ ላመጣለት ወደ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ ግድግዳው ላይ ባዕድ ቁጥር ቆሟል፤ ቀጥ ያለ፣ የመኪና ታርጋ የመሰለ። የድሮውን መልስልኝ ስለው ፊቱ ተለዋወጠ። "አዲሱን የጫንኩት በድሮው ላይ ነው እማማ፣ የድሮው ጠፍቷል፣ አይመለስም። ልጅዎ ነው፣ እያየችው እንዳትብሰለሰል ቀይርላት ያለኝ" አለ።

የላላው ሙጫው ነበር ልጄ። የወንድምህ እጅ ምን አደረገህ?

ያኔም ለለቅሶው ስትመጣ የወንድምህን ደብተሮች ጠራርገህ አቃጠልክ፤ "ሲያዩት ነው የሚብሰው እማዬ" አልከኝ። ግድግዳው ነበረኝና ተውኩህ። አሁን እሱ የጻፈው አንድ ጭረት እንኳ በዚህ ምድር ላይ የለም። ለእኔ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። ለእኔ ያልከው ሁሉ ግን ከእሱ ላይ እየተቆረሰ ነው። የእኔዋን አምስት ወረቀት ላይ ደግሜ ልጽፋት እችላለሁ። የእሱን ዘጠኙን ቁጥሮች ማን ይጽፍልኛል?

የባሰውን ልንገርህ። አዲሶቹ ቁጥሮች ድምፃቸው ሁሉ አንድ ነው፤ እንደ ዝንብ እዝዝ ይላሉ። እኔ ግን ጀርባዬን ሰጥቼ ልብስ ሳጣጥፍ ሁለቴ ጫር ጫር ሲል እሰማለሁ። ዘወር ስል ያው የታርጋው አራት ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሦስት ጊዜ ዞርኩ። በሦስተኛው "ምነው ልጄ?" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ሰምታ፣ ልጅሽ ከሩቅ አገር ገባ እንዴ ብላ እየሳቀች በበሩ ብቅ አለች።

ምራቴን በእኔ ስም ሳማት፤ የላከችው ሹራብ ልክ ሆኖኛል በላት። ለአማትህ ጤና ይስጥልኝ በልልኝ። ፍንጭቷን ግንባሯን ሳምልኝ፤ ስሟን በእጇ ጽፋ ትላክልኝ፤ አንተ እንዳታርምላት።

ከእናትህ ቤት፣ ማክሰኞ የካቲት 19 ቀን

ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ "እማዬ፣ እዚያ ስንት ሰዓት ነው?" ብለህ ነው። እኔም ደስ እያለኝ ከግድግዳው አነብልህ ነበር። ደውል፣ አነሳለሁ። ሰዓት ግን ከእንግዲህ አላነብልህም።