አባባ ያንሾካሾከባት ሸክላ

ኅዳር 9 ቀን፣ ከቀትር በኋላ

ወንድምዓለሜ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤናህ ላይ ይድረስልኝ። የላክልኝ መነጽር መጥቷል፤ ይህን የምጽፍልህም በእሱ ነው፣ እጅህ ይባረክ። እኔ ጉልበቴን ትንሽ ከማመኝ በቀር ደህና ነኝ። ምላሴ ደግሞ እንደምታውቀው ምንም አልሆነም። ዛሬ ግን ስለ ጉልበቴ አላደክምህም፤ ቁጭ ብለህ አንብበኝ።

ባለፈው፣ አንድ ጊዜ እንኳ መጥተህ ቤቱን እየው ብዬ ብለምንህ፣ «ልጄ ተብዬ በማላውቅበት ቤት ምን ልሠራ እመጣለሁ?» ብለህ ጻፍክልኝ። እውነትህን ነው። አባባ ጊታርህን «ጣውላ መቧጠጥ» እያለ ሲያጣጥልብህ፣ እንግዳ ሲመጣም እኔን አስተዋውቆ አንተን ሲዘልህ በዓይኔ አይቻለሁ። የዘፈን ሸክላችን በወጣች በወሩ ሻንጣህን አንጠልጥለህ ስትሄድ በሩ ላይ ቆሞ አንዲት ቃል አልወጣውም። አሁን እሱም የለም። የሞተን ሰው ከልጁ ጋር ማን ያስታርቃል እያልኩ ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ ነው በሬ የተንኳኳው።

የመጣው ሰው ሸክላ ሰብሳቢ ነው። ሸክላ የሚነካው ነጭ የጥጥ ጓንት አጥልቆ ስለሆነ የሚያውቁት ሁሉ ባለጓንቱ ይሉታል። ገና ከመቀመጡ፣ እኔና አንተ ያስቀረጽናት ያቺ አንዲት ሸክላ በእጄ እንዳለች ጠየቀኝ። ከቁም ሳጥኑ አውጥቼ ሰጠሁት። መሃሏ ላይ የተጫረውን ቁጥር ወደ ብርሃን አዘንብሎ አየና መጥፎ ዜና እንዳለው ሐኪም ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛዋ እትም ናት አለኝ። ትንሽ ተናደድኩ፤ ሸክላ ሸክላ ነው፣ ያረጀ ሁሉ ውድ አይደለም ወይ አልኩት።

ሳቀብኝ። ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አያወጣም አለ፤ በየቤቱ የገባ ሸክላ የቱንም ያህል ቢያረጅ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። የሚፈለገው ጥቂት ብቻ የታተመ፣ ከዚያም አብዛኛው የጠፋ፣ የተረፈውም ሳይጫርና ሽፋኑ ሳይቀደድ የቆየ ነው። ስሕተት ካለበት ደግሞ ሰብሳቢዎች ይጣሉበታል። ሌላው ሰው አይቶ የሚጥለውን ጉድለት ፍለጋ አገር ያቋርጣሉ እኮ! ከዚህ የባሰ አታምጣ አልኩ በልቤ።

የእኛዋ ስሕተት ምን መሰለህ? በመጀመሪያዋ እትም መጨረሻ ላይ፣ ጊታርህ ብቻውን ዘፈኑን ሲዘጋ፣ የአንድ ሰው ንግግር ገብቷል። የሸክላ ቤቱ ባለቤት ይህን ያወቀው ከታተመች በኋላ ነው። በግኖ ያልተሸጡትን ሁሉ ሰብስቦ አቀለጣቸው፤ መጨረሻዋንም አስቆርጦ እንደገና አሳተማት። ያመለጡት አስቀድመው ወደ ሩቅ ከተማ የተላኩት ጥቂቶቹ ናቸው። ለእኔም ለአንተም የደረሰችን የተቆረጠችዋ ነበረች። ባለጓንቱ ካልተቆረጡት አንዷን ካገኘ ዓመታት አልፈዋል፤ የመጣው ድምፁ የማን እንደሆነ ልጠይቅ ብሎ ነው።

በማግስቱ ሸክላዋንና ማጫወቻውን ተሸክሞ መጣ። በተጫወተች ቁጥር መርፌው እንደሚበላት፣ ለዚህም ብሎ እሱ ራሱ እምብዛም እንደማይሰማት ነገረኝ። መርፌውን ቀስ ብሎ አሳረፈ። ከዚያ ዘፈንኩ፤ ማለቴ ያቺ ቀጭኗ እኔ ዘፈነች። ድምፄ እንዴት ያምር ነበር እባክህ! ያን ቀን ግጥሙ እንዳለቀ አየር ልወስድ ማይክሮፎኑን ትቼ ወደ ግቢው መውጣቴን ታስታውሳለህ። አንተ ደግሞ የጊታሩ ድምፅ ማጉያ ጆሮህ ሥር ስለነበር ሌላ ነገር አይሰማህም። አባባ «ሴት ልጄን ብቻዋን አልሰድም» ብሎ ተከትሎን ጥግ ላይ ተቀምጦ አልነበር? ለካ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ እኔ ክፍቱን ወደተውኩት ማይክሮፎን ተጠግቶ ኖሯል።

መቼም የአባባን ሹክሹክታ አትረሳውም። ዕድሜ ልኩን ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ጆሮው ደንቁሮ፣ እሱ ያንሾካሾከ ሲመስለው ሦስተኛው ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። እማማ ምሥጢር የማትነግረው ለዚህ አልነበር? ሸክላዋ ላይም እንደዚያው ነው። ለሸክላ ቤቱ በር ጠባቂ ይመስለኛል፣ አንተ እየተጫወትክ ሳለ ጥርት ባለ ድምፅ እንዲህ ይላል፦

«ያ ጊታር የያዘው የኔ ልጅ ነው። እጁን እየው፤ አይቸኩልም።»

ወንድሜ፣ አባባ በቆርቆሮ ሱቁ ውስጥ «እጁ አይቸኩልም» ከማለት የበለጠ ምስጋና አያውቅም ነበር። ያንንም ቢሆን ስለ ማንም በቀላሉ አይናገረውም ነበር። አለቀስኩ። ባለጓንቱ መርፌውን ሊያነሣ ሲል ድገምልኝ ብዬ ለመንኩት፤ ደገመልኝ። አሁንም ለመንኩት፣ አሁንም ደገመልኝ፤ ንብረቱ እየተበላ መሆኑን እያወቀ ፊቱን እንኳ አላጠቆረም። የማን ድምፅ እንደሆነ ስነግረው ጓንቱን አውልቆ ዓይኑን ጠረገበት። ታሪኳ ከታወቀ ዋጋዋ በብዙ እንደሚጨምርም ሳይደብቅ ነገረኝ። እንኳን ደስ አለህ ልለው ስል ሸክላዋን በሽፋኗ ከትቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖራት።

«ወንድምዎ ሳይሰማት እኔ ቤት አትቀመጥም» አለኝ።

ኧረ አይሆንም ብዬ ብለምነው፣ ብቆጣውም አልሰማኝ አለ። ማጫወቻውንም ጭምር ትቶልኝ ሄደ። ዘመድ ያልሆነ፣ ትናንት ያልነበረ ሰው ይህን ሲያደርግልህ ምን ትላለህ? እግዜር ይስጠው ከማለት በቀር የምከፍለው የለኝም። ያን የበገነውን የሸክላ ቤት ባለቤት እንኳ መርቄዋለሁ፤ ባይናደድና ባያቀልጣቸው ኖሮ ማን ይፈልጋት ነበር?

ጎረቤቴ ያለችው ተማሪ በስልክ ቀርጬ ልላክልሽ ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኳት። ክፋት አይምሰልህ። አባባ የተናገረውን በኪስህ ይዘህ እዚያው እንድትቀር አልፈልግም። ና፤ ወንበርህን በማጫወቻው ፊት አድርጌልሃለሁ።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። ባለጓንቱ እንደሄደ ሸክላዋን ገልብጬ ሌላኛውን ገጽ አስቀመጥኩ። እሱን ስናስቀርጽም አባባ እዚያው ተቀምጦ ነበርና ምናልባት ስለ እኔም አንድ ነገር ብሎ እንደሆነ ብዬ፣ ዘፈኑ አልቆ መርፌው ባዶውን እስኪዞር ጆሮዬን ደቅኜ ጠበቅሁ። ምንም የለም። ከፋኝ፣ አልዋሽህም። ኋላ ሳስበው ግን እኔ እስከ መጨረሻው ሾርባ ያጎረስኩት፣ በየማለዳው «ሚጡ፣ ደህና አደርሽ?» የሚለኝ አባት ነበረኝ። ለአንተ ከእሱ የቀረችህ ይህቺ ብቻ ናት። መጥተህ ውሰዳት፤ እኔ አልካፈልህም።

እግርህን ከእንቅፋት ጠብቆ፣ ልብህን አለስልሶ፣ ዓይንህን ያሳየኝ።

እህትህ ሚጡ