ማዕዱ ላይ ያለው ኮክ

ሐምሌ 3

ለመላው የዮንግዶ ደሴት ነዋሪ በጥልቅ ሐዘን የሚገለጽ፦ የላይኛዋ ጎረቤቴ ድመት ዛሬ ረፋዱ ላይ በረንዳ ላይ ያሰጣሁትን ደረቅ ዓሣ ይዛ ተሰውራለች። የሟቹ ሥርዓተ ቀብር በድመቷ ሆድ ውስጥ ተፈጽሟል። ለወዳጅ ዘመድ መጽናናትን እመኛለሁ።

ሌላ ዜና የለም ብዬ ልዘጋ ስል ሄራን ከሶል ደወለች።

«አባዬ፣ ተቀምጠሃል?»

«ዓሣው ከሞተ ወዲህ ቆሜ አላውቅም።»

«ከሆሊዉድ ደወሉልኝ።»

«ስለ ዓሣው ሰሙ እንዴ?»

አልሳቀችም። ይህቺ ልጅ ስትደሰትም ስትፈራም አትስቅም... የትኛው እንደሆነ በስልክ አይለይም።

አሜሪካኖቹ «የሐምሌ ማዕድ»ን እንደ አዲስ ሊሠሩት ይፈልጋሉ። ልጄ ከሃያ ዓመት በፊት የሠራችውን ፊልም። ያኔ አገሩ ሁሉ የበቀል ፊልም ነበር የሚያየው... ቢላዋ፣ ዝናብ፣ ደም የነካው ነጭ ሸሚዝ። የሷ ደም የለውም። አንድ አባት ልጁን ሰክሮ የገጨበትን ሹፌር በልጁ ሙት ዓመት ቀን ቤቱ ይጠራዋል። ሙቱ መጥቶ ይቀምሰዋል ተብሎ የሚዘረጋው ማዕድ ፊት ያስቀምጠዋል። ከፖሞቹ መሃል አንድ ኮክ ያደርጋል። ኮክ ካለበት ማዕድ ሙት አይቀርብም፤ አባትየው ልጁ መጥቶ የሚያደርገውን እንዲያይ አይፈልግም። ከዚያ በሩን ይዘጋል። ካሜራው ውጭ ይቀራል። በቃ።

የሞተው ልጅ የኔው ኢንቾል ነው። የሄራን ታላቅ ወንድም። አባትየው ደግሞ እኔ ነኝ ይላሉ። ዝንብ እንኳ አሳድጄ ይዤ የማላውቅ ሰውዬ።

ሐምሌ 6

የሽማግሌዎች ማረፊያ። ካርታ። ቹንሲክ ወሬውን ከየት እንደሰማ እንጃ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ጀመረኝ።

«ተበቃዩ መጣ! ተነሡለት! እኔ የምልህ፣ አንተን ሆኖ የሚሠራው ማነው? ጥርስ የሌለው ተዋናይ ሆሊዉድ ውስጥ አለ?»

«ያንተ ሚስት ትበቃለች፤ ጺሟም አድጓል።»

ሁሉም ሳቀ። እሱም። ቀጥሎ ግን ካርታውን አስቀምጦ ቁም ነገር ጀመረ። እሱ የአሜሪካኖቹን ፊልም ነው የሚወደው። «የነሱ ተበቃይ ክፉውን ይደፋና መነጽሩን አድርጎ ይሄዳል። እኔም ተደስቼ ቤቴ እገባለሁ። የኛ ተበቃይ ግን ገድሎም ያለቅሳል፤ ሳይገድልም ያለቅሳል። ትኬት ቆርጬ ገብቼ ቃር ይዞኝ እወጣለሁ እንዴ?»

ካርታዬን በወዝኩ። እውነት ለምንድነው የኛዎቹ እንደዚያ የሚያልቁት? የተበቀለ ሰው ቤቱ ሲመለስ የሞተበት ሰው አሁንም የለም... ለዚያ ይመስለኛል። እቤት ከገባሁ በኋላ ነው ይሄ የመጣልኝ። ለቹንሲክ ነገ ብነግረው አርጅቷል፣ ትናንት ያለውን አያስታውስም።

ሐምሌ 9

ዝናብ። ገበያ ኮክ ገብቷል። አይቼ አለፍኩ። ተመለስኩና አንድ ጥሬ ገዛሁ። የዘንድሮውን የማዕድ ኮክ።

ሐምሌ 12

ሄራን መጣች። ሻንጣዋ ትልቅ ነው። እስከ ወንድሟ ሙት ዓመት ልትቆይ ነው።

ከስታለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፊልም አልሠራችም፤ ገንዘብ የሚያወጣ ጠፋ። ማታ ማታ ተማሪ ታስተምራለች። አሜሪካኖቹ ከፈረመችላቸው ቀጣዩን ፊልሟን ራሳቸው ሊያሠሯት ቃል ገብተዋል። ታዲያ ምን ቀረ? ፈርሚያ! አልኳት። የላኩትን አዲስ ድርሰት አነበበችልኝ።

ማዕዱ አለ። ሹፌሩ አለ። ኮኩ የለም። በሩም አይዘጋም። ከዚያ የሞተው ልጅ መንፈስ በበሩ ይገባል... ለአባቱ ሽጉጥ ያቀብለዋል።

«ሽጉጥ?»

«አዎ።»

«ከየት አመጣው? ወዲያኛው ዓለም ይሸጣል?»

«አባዬ፣ ቀልድ አይደለም። እኔ እኮ ወንድሜ እንዳያይ ነው በሩን የዘጋሁት። እነሱ ገዳይ አደረጉት።»

ሾርባዋ ሳትነካው ቀዘቀዘ። ልጄን አንዴ በመኪና ገደሉት፤ አሁን ደግሞ በእንግሊዝኛ ገዳይ ሊያደርጉት ነው።

«ኮኩ ከሌለ አልፈርምም» አለች። «ኮኩ ያንተ ነው። ያኔ ማዕዱ ላይ ስታስቀምጠው ያየሁት ነው። ፊልሙ ውስጥ እውነት የሆነው እሱ ብቻ ነው።»

ተነሥቼ ሳህን አነሣሁ። ስለዚያ ኮክ እኔና እህቴ ብቻ የምናውቀው ነገር አለ። እዚህም አልጽፈውም።

ሐምሌ 16

ዛሬ ከሆሊዉድ ጋር ተነጋገርኩ። ጥርሴን አድርጌ፣ ከወገብ በላይ ክራቫት፣ ከወገብ በታች የቤት ሱሪ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሚስተር ዊትኮም የሚባል ፕሮዲዩሰር። አጠገቡ ሎስ አንጀለስ ያደገች የኛው አገር አስተርጓሚ፣ ቋንቋዋ የአያቶቿ ይመስላል፣ በየመሃሉ «ክቡርነትዎ» ትለኛለች። ወደድኳት።

ሰውየው ክፉ አይደለም። ፊልሙን በቃሉ ያውቀዋል። የመጨረሻውን ሲያይ ጓደኛው ፊት እንዳለቀሰ ተናገረ። ግን፦ «ተመልካቹ ልጁን ይናፍቃል። እስኪመጣ ይጠብቃል። ለምን አይመጣም?»

ሄራን ስለ ኮኩ አስረዳችው። አስተርጓሚዋ ተረጎመችለት። «አያቴ ለሙት ዓመት ሰሞን ኮክ እቤት አታስገባም ነበር» አለችኝ ለብቻዬ፣ ሰውየው ሳይገባው።

ከዚያ ሰውየው ወደኔ ዞረ። እውነት የኮኩን ነገር እርስዎ ራስዎ አድርገውታል?

«በየዓመቱ አደርገዋለሁ በይው።»

ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ከዚያ፦ «ሹፌሩስ ምን ሆነ?»

እዚህ ላይ ምን እንደያዘኝ አላውቅም። ክራቫቱ ይሆናል።

«ጓሮዬ ያለው ዛፍ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ፍሬው በዝቷል በይው።»

አስተርጓሚዋ አሳላት። ተረጎመችው። ሚስተር ዊትኮም ከወንበሩ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሣ። ሄራን በጠረጴዛው ሥር ረገጠችኝ። እግሬ እስካሁን ያመኛል።

ሐምሌ 17

መልእክት መጣ። ፖስተሩ ላይ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ብለው ሊጽፉ ይፈልጋሉ።

ሄራን አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ሹፌሩ ኪምሄ ከተማ ጎማ ይሸጣል አባዬ። የልጅ ልጆች አሉት። ጋዜጠኛ ነገ በሩ ላይ ቢቆምስ?»

«ቀልድ ነበር።»

«አውቃለሁ። ሁሌም ቀልድ ነው። እማዬ ስትታመም ቀለድክ። ኢንቾልን ስንቀብር ቀለድክ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ሳትቀልድ ያየሁህ፤ ያን ኮክ ያስቀመጥክ ቀን።»

ለአሜሪካኖቹ ቀልድ መሆኑን ጻፈችላቸው። ሁለት ጊዜ መጻፍ ነበረባት፤ መጀመሪያ አላመኑም።

ያ ብቸኛ ቀን...

ሐምሌ 22

አልጻፍኩም ሰሞኑን። ምን ይጻፋል? ሄራን መስኮት ሥር ተቀምጣ ወደቡን ታያለች። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋሉ። ባትፈርም ሌላ ፊልም የላትም፤ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ብትፈርም ወንድሟ ሽጉጥ ይዞ ይመጣል። በአንድ ኮክ! ልጄ ሕይወቷን በአንድ ኮክ ላይ አቁማለች።

ኮኩ ሣጥን ውስጥ ነው። መብሰል ጀምሯል። ቤቱ ሸተተ።

ሐምሌ 26

ዛሬ የኢንቾል ሙት ዓመት ነው። በሥርዓት ልጻፈው።

እህቴ ማልሱን ከረፋዱ መጣች። ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ዳገቱን በምርኩዝ ወጥታ፣ ገና በር ላይ ሆና ምግቡን ሁሉ አጣጣለች። ዓሣው ትንሽ ነው፣ ሩዙ ጠንክሯል፣ ወንድሟም አርጅቷል። ሄራን ፖሞቹን ስትደረድር ኮኩን ከሣጥን አወጣች። እንደየዓመቱ።

«ይሄ ነገር እስካሁን አልቀረም?» አለች እህቴ። «አሁንስ አበዛችሁት።»

«አሜሪካኖቹ ሊያወጡት ነው፣ አክስቴ» አለች ሄራን። «አባዬ ያን ቀን አውቆ ያስቀመጠው መሆኑ አልገባቸውም።»

«አውቆ?» ማልሱን ምርኩዟን ጣለችው። «ማነው አውቆ? ይሄ? ያን ዓመት እናትሽ ከአልጋ አልተነሣችም፤ ይሄ ጅል በሕይወቱ ማዕድ ዘርግቶ አያውቅም። ታላቃችን ቤት ሄዶ መብላት ነበር ሥራው! ኢንቾል ኮክ ይወዳል ብሎ ገዝቶ መጣ። አጎቶችሽ ሲጮሁበት አፈረ። ከዚያ ፊቱን እንደ ተዋናይ አኮሳትሮ ‹አውቄ ነው፤ ልጄ ዛሬ እንዳይመጣ ነው፤ የማደርገው አለኝ› አይልም? ሳቄን አፍኜ ወጥ ቤት ገባሁ። ሳቄ ነው ያልኩት... እዚያ ገብቼ አለቀስኩ።»

ሄራን ወደኔ ዞረች።

«አባዬ?»

«ዓሣው እያረረ ነው።»

«አባዬ።»

«አዎ። ይወድ ነበር። ቆዳውን ሳይልጥ ነበር የሚበላው። ሌላ ምን ላስቀምጥለት?»

«ታዲያ በየዓመቱ ለምን...?»

«አንቺ ፊልም ሠራሽበት። ሰፈሩ ሁሉ ተበቃዩ ይለኛል። ኮኩን እንዴት ላንሣው?»

ቆመች። ኮኩን አየችው። «እና ኢንቾል በየዓመቱ...»

«በር ላይ ደርሶ ይመለሳል። በዚያ ላይ ሆዳም ነበር።»

ሳቀች ወይስ አለቀሰች፣ ዛሬም አልለየሁም። ብቻ ድምፅ አወጣች። ከዚያ ኮኩን ከማዕዱ አነሣች፣ አጠበችው፣ ሦስት ቦታ ቆረጠችው። ወጥ ቤት ቆመን በላነው። ከቆዳው ጋር። ማልሱን «ጣፋጭ ነው፣ የት ነው የገዛኸው?» አለችኝ። ስንት ዓመት አብሮን ሲዞር የነበረውን ጉድ እንዲያ አድርጋ ዋጠችው።

ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ሻማ ለኮስን። ሄራን የሶጁ አረቄ ቀዳች፣ ማንኪያውን ሩዙ ላይ ተከለች፣ ሰገደች። እኔ አልሰግድም፤ አባት ለልጁ አይሰግድም። ጎን ተቀምጬ በሩን አየሁ። በሩን ከፍተን ነበር። ማዕዱ ላይ ኮክ የለም። ዝናቡ አቁሟል።

የበሩ መጋረጃ ጫፉ ከፍ አለ፣ ሰው እንደገለጠው። ከዚያ ተመለሰ።

ነሐሴ 1

ሄራን ፈረመች።

«ሽጉጡንስ?» አልኳት።

«ይውሰዱት። በቀሉን ሁሉ ውሰዱት አልኳቸው። እሱ ከመጀመሪያውም የኛ አልነበረም።» ቦርሳዋን ዘጋች። «ኮኩን ግን አልሸጥኩም። ከውሉ አስወጣሁት። ለራሴ እፈልገዋለሁ።»

ባቡር ጣቢያ እስክንደርስ ነገረችኝ። አዲስ ፊልም ነው። ልጁ የሞተበት ሰውዬ።

«ማንን ይበቀላል?»

«ማንንም። ማዕድ መዘርጋት ነው የማይችለው።»

«ይሄን ማን ያየዋል?»

«ቹንሲክ።»

«ቃር ይይዘዋል።»

«ይያዘው።»

ባቡሩ ሲነሣ በመስኮቱ እያየችኝ ትስቅ ነበር። ተደስታ ነው ወይስ ፈርታ? ስትስቅ ግን አየኋት።

ነሐሴ 8

እርምት። ለመላው የዮንግዶ ነዋሪ፣ በተለይም ለራሴ፦ ሐምሌ 26 ቀን በዚሁ ደብተር የበሩ መጋረጃ ከፍ አለ ተብሎ የተጻፈው ስህተት ነው። አልተንቀሳቀሰም። ነፋስ አልነበረም። እስከ ሻማው መጨረሻ ዓይኔን ሳልነቅል አይቼዋለሁ፣ ክር እንኳ አልተነቃነቀም። እሱን እኔ ነኝ የጨመርኩት።

ሌላው ሁሉ እውነት ነው። ድመቷም። ኮኩም። በሩም ክፍት ነበር።